አሞግሶ መሸኘት

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ቢቸና ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ጉብታ፣ የሚዛንና የመስፈሪያ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ሥራው ቁናው ጎድሎ፣ ሚዛኑ ተንጋዶ ድኻ እንዳይበደል መጠበቅ ነው። ሰባት ሰዎች ይሠሩበታል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰባት ሰዎች ይቀመጡበታል። ቁናውን የሚለካው አንድ ዘበኛ ሲሆን የቀሩት ስድስቱ እርስ በርሳቸው ሲለካኩ ይውላሉ። ማን ማንን አስቀድሞ ሰላም አለ፣ ማን ከማን ጋር ምሳ በላ፣ አለቃው ሲያስነጥሱ "ይማርዎ" ሳይል የቀረው ማነው፣ ይህ ሁሉ በየቀኑ ይሰፈራል። እንዲህ ያለው መስፈሪያ ደግሞ ጎድሎ አያውቅም።

አካለ ወልድ የዚህ ቤት ጸሐፊ ነው። የሞጣ ልጅ ነው። ዲማ ወርዶ ቅኔ ተቀኝቷል፤ ኋላም የዘመኑን ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል። የእጁ ጽሑፍ ግን ከተማረው ሁሉ ይበልጣል። አለቃው የሱን ደብዳቤ አያነቡትም፤ የፊደሉን አቋም አይተው "እሰይ!" ይሉና ይፈርማሉ። ደብረ ማርቆስ ያሉት ሹማምንትም "ቢቸና ሥራ ይሠራል" የሚሉት በአካለ ወልድ ፊደል አጣጣል ነው እንጂ፣ ሥራውንማ ያየው የለም።

እሱ ከዚህ ዓለም የሚሻው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ሞጣ መዛወር። ሚስቱ ባንቺዓለም ሞጣ ናት። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው አብረው ያደሩበት ቀን ተሰብስቦ አንድ ክረምት አይሞላም። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሐና ግማሽ ጎናቸው ዝሎ አልጋ ይዘዋል፤ ከሷ ሌላ ልጅ ስለሌላቸው ጥላቸው ልትመጣ አትችልም። ደግነቱ መሥሪያ ቤቱ ሞጣ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የቅርንጫፉ ወንበር ሰው ካጣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ሰው የሌለው ወንበር እዚያ፣ ሚስቱ የናፈቀችው ሰው እዚህ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? አካለ ወልድ አራት ጊዜ አመለከተ። አራት ጊዜም "ለሥራው እጅግ አስፈላጊ በመሆኑ ጥያቄውን ለመቀበል አልተቻለም" ተባለ። አራቱንም የክልከላ ደብዳቤዎች የጻፋቸው ራሱ ነው። ያማሩ ደብዳቤዎች ነበሩ።

የቤቱ አለቃ ግራዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ካባ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው፣ ዘበኛ አስከትለው የሚገቡ፣ የመሬት ሙግት የማያልቅባቸው የድሮ ሰው ናቸው። ምክትላቸው አቶ ሣህለ ማርያም ደግሞ አዲስ አበባ ተምረው የመጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ክራቫት የሚያስሩ፣ "ፕሮግራም" ሳይሉ አፋቸውን የማያሟሹ ናቸው። ግራዝማች ምክትላቸው ወንበራቸውን የሚነጥቁ ይመስላቸዋል፤ አልተሳሳቱም። ምክትሉም ግራዝማች ሊያስነሷቸው የሚዶልቱ ይመስላቸዋል፤ እሳቸውም አልተሳሳቱም። የአንዱ ቢሮ በስተቀኝ፣ የሌላው በስተግራ ስለሆነ፣ ጧት ሲገባ በቀኝ ጀምሮ ሰላም ያለ የግራዝማች ሰው፣ በግራ የጀመረ የምክትሉ ሰው ይባላል። አካለ ወልድ ይህን ሽሽት በጓሮ በር መግባት ቢጀምር ሁለቱም ወገን "ይህ ልጅ ምን ደብቆ ነው?" አሉ።

ጠቡ ግን አይጮህም። በዚያ ቤት ሰው አይባረርም፤ የተባረረ ሰው ዘመድ አለው፣ ደብረ ማርቆስ ወጥቶ ይከሳል፣ ክሱም ዓመት ሙሉ ያንከራትታል። ስለዚህ የተጠላ ሰው ይመሰገናል። አንድ ተቆጣጣሪ ሰርግ ቤት ጠጅ ገፋፍቶት ግራዝማችን ቢዘልፋቸው፣ በሳምንቱ "በሥራው ብቁ፣ በጠባዩ ምስጉን" ተብሎ የጁቤ ወደምትባል ከተማ ተላከ። በምክትሉ ክራቫት የሣቀ ሌላው ደግሞ "ለላቀ ኃላፊነት የታጨ" ተብሎ ከነዕድገቱ ወደ አማኑኤል ከተማ ተላከ። እነዚያን የምስጋና ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፈው አካለ ወልድ ነው፤ ጽፎም ያምናቸው ነበር። የዋህነቱ ይህ ነበር። "እኔም ተግቼ ብሠራ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ይጻፍልኛል" እያለ ከሌሎቹ ቀድሞ ይገባል፣ ከሌሎቹ በኋላ ይወጣል።

ከጥምቀት በኋላ አብዱልዋሂድ የሚባሉ የሞጣ ቡና ነጋዴ መጡ። ሞጣ ላይ ሚዛን የሚመረምር ስለሌለ የሞጣ ነጋዴ ሁሉ ሚዛኑን በበቅሎ ጭኖ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ሁለት ቀን ተጉዞ ቢቸና ይመጣል። አብዱልዋሂድ ሚዛናቸውን ለዘበኛው ሰጥተው አካለ ወልድን ወደ አጥሩ ጥግ ጠሩት።

"ልጄ፣ መልእክት ይዤ ነው። ቃሉ የሷ ነው እንጂ የኔ አይደለም፤ እንዳትቀየመኝ።"

"ይንገሩኝ።"

"'ደብዳቤ ልጅ አይወልድም' ብላለች። 'እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ ከመጣ ባሌ ነው። ካልመጣ ሽማግሌ ሰብስቤ እፈታለሁ' ብላለች።"

"ተቆጥታ ነው?"

አብዱልዋሂድ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ተቆጥታስ ቢሆን ደግ ነበር። ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ፤ ስንቅ እያሰረችልኝ።"

አካለ ወልድ ባንቺዓለም ስትቆጣ ያውቃታል፤ ታኮርፋለች፣ ትታረቃለች። ረጋ ስትል ግን ነገሩን ጨርሳዋለች ማለት ነው። ይወዳት ነበር፤ ድምጿን ለማስታወስ ሲሞክር እየጠፋበት መሄዱ ሌት ተቀን ያስጨንቀው ነበር። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አምስተኛውን ማመልከቻ ሊጽፍ ተቀመጠና ብዕሩን ቀለም ውስጥ እንደነከረ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ።

መዝገብ ቤቱን የያዘው ፋንታ ነው። ከአምሳ በላይ የሆነ፣ ሦስት አለቃ ሲሾምና ሲሻር ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ያየ፣ ቢቸና ተወልዶ ቢቸና ልጅ የዳረ ሰው ነው። የገባው ደብዳቤ ሁሉ በእጁ ይገባል፣ የሚወጣውም በእጁ ይወጣል። የአካለ ወልድን ጭንቀት እስከ መጨረሻው ሰማና ጠየቀው።

"አንተ ልጅ፣ እስካሁን ስንት የምስጋና ደብዳቤ ጽፈሃል?"

"አሥራ አንድ፣ ጋሼ ፋንታ።"

"ከአሥራ አንዱ ደግ ሠራተኛ የነበረው ስንቱ ነው?"

አካለ ወልድ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሰካራሙን ዘለለ፣ ተሳዳቢውን ዘለለ፣ እንቅልፋሙን ዘለለ። ጣቱ ሳይታጠፍ ቀረ።

"የምትታለብ ላሙን ለጎረቤት የሚሰጥ አይተሃል?" አለ ፋንታ። "የሚሰጠው የምትራገጠዋን ነው። አንተ ስትታለብ ሦስት ዓመትህ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ተጠላ።"

መጠላት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ሳይደክምበት ይሳካለታል። ለአካለ ወልድ ግን ከቅኔ ይልቅ ከበደው። አሳዳጊው መምህር "ትሕትና" እያሉ ያሳደጉት ልጅ ነው። ሌሊቱን ሲያሰላስል አድሮ ጧት አንድ ድፍረት መረጠ። ግራዝማች ሲገቡ ሠራተኛው ሁሉ ብድግ ብሎ፣ እሳቸው ቢሯቸው ገብተው እስኪቀመጡ ቆሞ መጠበቅ ልማዱ ነው። በዚያን ጧት ግራዝማች ሲገቡ ሁሉም ተነሣ፤ አካለ ወልድ ተቀምጦ ቀረ። ጉልበቱ እንዳይነሣበት በሁለት እጁ ጨብጦ ይዞታል። ግራዝማች ቆሙና አዩት። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ዘበኛው "አሞሃል እንዴ?" አለው። "ደኅና ነኝ" አለ አካለ ወልድ፤ ላቡ በጀርባው ይወርድ ነበር።

"ተሳካልኝ" ብሎ ምሳውን በደስታ በላ። ከምሳ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለውጦ ጠበቀው። "ይህ ልጅ ጀርባ አለው፤ ያለ ጀርባማ ማን ይደፍራል?" ተባለ። ጀርባውም በየቀኑ አደገ። ማክሰኞ ደብረ ማርቆስ ያለ አጎት ነበር፤ ረቡዕ አዲስ አበባ ሚኒስቴር ገባ፤ ዓርብ ላይ ቤተ መንግሥት ደረሰ። የጎን ለጎን ባልደረቦቹ ወንበር ይጠርጉለት ጀመር። ሰኞ ጧት ግራዝማች ሲያልፉ ቆም ብለው "እንዴት ሰነበትህ፣ ልጅ አካለ ወልድ? ዘመዶችህ ደኅና ናቸው?" አሉት። አካለ ወልድ የአልጋ ቁራኛ አማቱን አስቦ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዳሉ ናቸው" ሲላቸው ግራዝማች በጥርጣሬያቸው ጸኑ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የመጨረሻውን ቆረጠ። ከሳሹም ሆነ የሚከሰስበት ነገር እንዳይጠፋ አድርጎ፣ ስሙንና ፊርማውን አኑሮ፣ ሁለቱንም አለቆች በአንድ ደብዳቤ ለደብረ ማርቆስ ከሰሳቸው። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ግራዝማች የመንግሥቱን ዘበኛ በገዛ እርሻቸው ላይ እንደሚያሳርሱ፣ ቁናው የጎደለ ነጋዴ ማር ይዞ ከመጣ ቁናው እንደሚሞላ ጻፈ። በሁለተኛው ቅጠል ላይ ምክትሉ ፕሮግራም ሲያወጡ እንጂ ሲሠሩ ታይተው እንደማያውቁ፣ ሌሎች በሠሩት ሪፖርት ላይ የራሳቸውን ስም እየጻፉ እንደሚልኩ ዘረዘረ። አንዲት ውሸት የለበትም። አሁን የማይጠላኝ ካለ፣ አለ በልቡ፣ እሱ ጻድቅ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ግን በመዝገብ ቤት ማለፍ አለበት፤ ደንብ ነው። አካለ ወልድ መሥሪያ ቤቱን ሲከስስ እንኳ ደንብ አይጥስም። ክሱን በፖስታ አሽጎ ለፋንታ ሰጠና "ቁጥር ስጥልኝ" አለው።

በሦስተኛው ቀን ግራዝማች አስጠሩት። እንደገባ በሩን ራሳቸው ዘጉ። እጃቸው ላይ ሁለተኛው ቅጠል አለ፤ የመጀመሪያው የለም።

"ልጄ!" አሉት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ስለዚህ ክራቫታም ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል? እኔ የሱ ሰው ትመስለኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።" ግንባሩን ሳሙት። "የጻፍኸውን እኔ በሰዓቱ አደርሰዋለሁ። አንተ ብቻ ከአጠገቤ እንዳትርቅ።"

"ግራዝማች፣ የሞጣው ጉዳይ…"

"ምን ሞጣ! እኔ በሕይወት እያለሁ አንተን አሳልፌ ልሰጥ?"

ሰዓት ሳይሞላ ምክትሉ ጠሩት። እሳቸው የመጀመሪያውን ቅጠል ይዘዋል። "ብራቮ!" አሉት፣ ትከሻውን ይዘው። "በዚህ ቤት የነቃ ሰው የለም ብዬ ነበር። ሽማግሌው ሲወርዱ በእኔ ፕሮግራም ውስጥ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። ስለዝውውር ከእንግዲህ አላስብም፤ አንተም እንዳታስብ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ አካለ ወልድ ሁለቱንም ጣላቸው። እየሮጠ መዝገብ ቤት ገባና ፋንታን በኮቱ ያዘው። ፋንታ አልደነገጠም።

"አዳንሁህ" አለው። "ደብረ ማርቆስ ቢደርስ ምን ይደረግ ነበር? 'ተጣርቶ ይቅረብ' ይባልና ወደዚሁ ይመለሳል። ማነው የሚያጣራው? ግራዝማች። እኔ ለያንዳንዳቸው ደስ የሚላቸውን ሰጠኋቸው፤ ይኸው ሁለቱም ወደዱህ።"

"እኔ እንዲወዱኝ አልፈለግሁም!"

"እሱማ ልክ ነህ" አለ ፋንታ፤ በእውነትም አዘነ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

ፍቅሩ ከዚያ በኋላ አላንቀሳቅስ አለው። ለፋሲካ ሞጣ ሄዶ ባንቺዓለምን ሊለምናት አስቦ ነበር፤ ግራዝማች "ከኔ ቤት ሌላ የት ትፈስካለህ?" አሉት፣ ምክትሉም ያንኑ አሉት፤ እምቢ ማለት ለአንዱ ጠላት መሆን ስለሆነ ሁለቱም ቤት እየዞረ ሁለት ጊዜ ፈሰከ። በሁለቱም ቤት የመጀመሪያው ጉርሻ ለሱ ተሰጠው። ጉርሻውን በጠላ አሻገረው።

ፋንታ ደግሞ አንድ ነገር ዘንግቶ ነበር። ግራዝማች ከቅጠሉ ደስታ ሲበርዱ፣ "የሱን ጉድ ለኔ ያሳየኝ ሰው የኔን ለማን ያሳይ ይሆን?" አሉ። ምክትሉም በዚያው ሳምንት ያንኑ አሰቡ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የቀኙ ቢሮና የግራው ቢሮ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ፋንታ ይሂድ። ወዴት? ወንበሩ ባዶ የሆነበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

"ለሞጣው ቅርንጫፍ ፋንታን የሚያመሰግን ደብዳቤ ጻፍ" አሉት ግራዝማች። "እንደምታውቀው አድርገህ፤ ያማረ ይሁን።"

አካለ ወልድ የሰማውን ለማመን አቃተው። ፋንታም አላመነም። ማታ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ያ በነገር የማይደነግጥ ሰው፣ የአካለ ወልድን ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ አለ።

"እባክህ አታሞግሰኝ። ቤቴን ቆርቆሮ ካለበስሁ ገና ወሩ ነው። ልጆቼ፣ ሚስቴ፣ የአባቴ መቃብር እዚህ ነው። ሞጣ ማን አለኝ? ሰካራም ነው በል፤ ሌባ ነው በል፤ የፈለግኸውን ስድብ ጻፍ።"

"እኔም ብሆን በደስታ እሰድብህ ነበር፣ ጋሼ ፋንታ" አለ አካለ ወልድ። ከልቡ ነበር።

ሊረዳውም ሞከረ። ደብዳቤውን ቀዝቃዛ አድርጎ፣ "ሥራውን ይሠራል" ብቻ ብሎ ጻፈው። ምክትሉ አንብበው መለሱት። "ይህ ያንተ እጅ አይደለም። በድካም ጽፈኸዋል፤ እንደገና" አሉ። ሁለተኛውንም መለሱት። በመካከሉ ዳግማዊ ትንሣኤ አለፈ።

በማግስቱ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ባንቺዓለም ራሷ መጣች። እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ከአብዱልዋሂድ በቅሎዎች ጋር ሁለት ቀን ተጉዛ ነው። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፤ ፊቷ ግን ታጥቧል። አካለ ወልድ ሲያያት ሰውነቱ ሁሉ ቀለለው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠፋበት የከረመው ድምጽ "እንደምን ሰነበትህ?" ሲል ሰማው። ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የቀኙም በር የግራውም በር ተከፈተ።

"የአካለ ወልድ ባለቤት ነሽ?" አሉ ግራዝማች። "ባልሽ የዚህ ቤት ምሰሶ ነው። እሱ ባይኖር ጣራው ይወርድብን ነበር!"

"ምሰሶ ብቻ አይደለም" አሉ ምክትሉ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ። "የመሥሪያ ቤቱ ብርሃን ነው። እንደሱ ያለ ታማኝ፣ እንደሱ ያለ ትሑት አላየሁም።"

"ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።"

"ወደፊትም የሚተካው አይገኝም።"

ባንቺዓለም አንገቷን ደፍታ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ቀና አለች።

"ጌቶቼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኛ አገር ሰው እንዲህ የሚሞገሰው ሬሳው ፊት ነው። አሟሟቱን ንገሩኝና ልሂድ።"

ግራዝማች ከት ብለው ሣቁ፤ ጨዋታ አዋቂ ሴት መሰለቻቸው። "ዛሬማ ደስ የሚልሽን ልንገርሽ" አሉ። "ከምክትሌ ጋር ተነጋግረን ዋና ጸሐፊ አድርገነዋል።" አካለ ወልድ ይህን ሲሰማ ጆሮው ሞቀ። ደስ አለው። በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ሴት ፊት፣ ደስ ስላለው አፈረ፤ ግን ደስ አለው። ባንቺዓለም ደግሞ ያየችው የአለቆቹን ፊት አልነበረም፤ የሱን ነበር።

ውጭ፣ በቅሎዎቹ የታሰሩበት ዋርካ ሥር ቆሙ። አብዱልዋሂድ ራቅ ብለው ጭነት ያስሩ ጀመር።

"ማን ያዘህ?" አለችው።

"አየሻቸው አይደል? አራት ጊዜ አመለከትሁ፣ ከሰስሁ፣ ተቀምጬ…"

"ሰማሁ። በሰንሰለት የታሰረ እግር አላየሁም ነው የምልህ። በቅሎ አለ፣ መንገዱም ይኸው። አሁን ውጣና እንሂድ። የአባቴ መሬት ጦም እያደረ ነው። አይ ካልህም በዚህ እጅህ ሞጣ ፍርድ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ ራፖር ብትጽፍ አንራብም።"

"ራፖር ጸሐፊ?" አለ አካለ ወልድ፤ ሳያስበው ነው ያመለጠው። "ዋና ጸሐፊ ከተባልሁ በኋላ ከዋርካ ሥር?" ወዲያው ተጸጸተ። "አይደለም፣ ባንቺ፣ እመጣለሁ። ዝም ብሎ መውጣት ግን ደንብ አይደለም። የስንብት ማመልከቻ ላስገባ፤ አንድ ገጽ ናት፤ አሁኑኑ ጽፌ እወጣለሁ።"

ባንቺዓለም ጭነቱን ዞር ብላ አየች። "ጋሽ አብዱልዋሂድ ጭነው እስኪጨርሱ እጠብቅሃለሁ" አለችው።

እየሮጠ ገባ። እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበር። ወረቀት አወጣ፣ ብዕሩን ነከረ። ግራዝማች ከበሩ ላይ ብቅ ብለው "የፋንታን ደብዳቤ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መኪና ሳያመልጠው!" አሉ። ይህችን ደብዳቤ ልጨርስላቸውና ከዚያ የራሴን፣ አለ፤ የሚሄድ ሰው ሥራ አንጠልጥሎ አይሄድም። ጀመረ። መጀመሪያ እጁ ይቸኩል ነበር። "ሃያ ዓመት ሙሉ የመንግሥቱን ምሥጢር በልቡ ሣጥን ቆልፎ የኖረ" የሚለው ሐረግ ሲመጣለት ቆም አለ። ጥሩ ናት። ምሥጢር ለሁለት ከፍሎ ለሸጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ቅኔ ቤት ቢሆን ሙሉ ቤት ያሥቅ ነበር። ቀጣዩ ሐረግ ከዚያች እንዳያንስ ደከመ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው በለጠ። ለሌላ ሰው የሚስቱን ከተማ የሚሰጥ ደብዳቤ እየጻፈ መሆኑን ረሳው። በሕይወቱ ከጻፋቸው ሁሉ ያቺ አሥራ ሁለተኛዋ በልጣ ወጣች።

ቀና ሲል ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ማመልከቻው ወረቀት ላይ "ለ" የምትል አንዲት ፊደል ብቻ አለች።

በሩ ላይ ወጣ። ከዋርካው ሥር የበቅሎ ፋንድያ እንጂ ማንም የለም። ዘበኛው "ቁጭ ብላ ቆይታ፣ ቆይታ፣ ነጋዴው 'ይመሽብናል' ሲላት ተነሥታ ሄደች፤ አላለቀሰችም" አለው። ወደ ደብረ ወርቅ የሚወስደው መንገድ ከጉብታው ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቢሮጥ ይደርስባቸው ነበር። ገበያው ግን ሞልቷል፤ ዋና ጸሐፊ በገበያ መካከል ሲሮጥ ሰው ምን ይላል? ጥቂት ቆመ። ግራዝማች ከውስጥ ተጣሩ፤ ገባ።

ሰኔ ሲገባ አብዱልዋሂድ በዚህ ጊዜ ሚዛን ሳይዙ መጡ። ቁጭ በሉ ቢባሉ አልቀመጥም ብለው በሩ ላይ ቆሙና አንድ ወረቀት ሰጡት። የፍቺ ወረቀት ነው። የሞጣ ሽማግሌዎች አውራ ጣታቸውን አትመውበታል፤ የጻፈው አዲሱ የቅርንጫፍ ሹም ፋንታ ነው። አካለ ወልድ ሲያነበው መጀመሪያ የታየው መስመሩ መጣመሙ ነበር። ቀጥሎ የባንቺዓለምን ስም አየና ዓይኑ ከዚያ አልነቀል አለው። እንዳይጮህ ከንፈሩን ነከሰው።

"ልጄ፣ ከጨነቀህ ትቼልህ ልሂድ" አሉ አብዱልዋሂድ በለሆሳስ። "በሚቀጥለው ገበያ እመለስበታለሁ።"

"አይ፣ ጋሽ አብዱልዋሂድ፤ አይንገላቱ። ጥቂት ይጠብቁኝ።"

መዝገብ ቤቱን በፋንታ ምትክ የያዘ ሰው አልነበረምና ራሱ ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። ቁጥር ሰጠው፣ ቀን ጻፈበት፣ ፈረመበት፣ ቀለሙ እስኪደርቅ በትንፋሹ አራገበው። በዚያ መሥሪያ ቤት በገባበት ቀን ተፈጽሞ የወጣ ወረቀት እሱ ብቻ ነው።